የሦስተኛው ጄሪካን ውሃ

ጥቅምት 5

ዝናቡ ዛሬም አልለቀቀም። ሄርማታ፣ ሱቄ ያለበት ሰፈር፣ ጭቃ ብቻ። ሰባት ባትሪ ቻርጅ ላይ። አንዱ የሙርሺድ ባጃጅ ባትሪ ነው፣ ጭራሽ ያበቃለት። ካርቶን ላይ ጽፌ ለጠፍኩበት፦ "ሟች ዛሬ ስምንት ሰዓት ይቀበራል። ለቅሶ ድረሱ።" ሙርሺድ መጥቶ ሲያነበው መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ተቆጣ። ከዚያ ሳቀ። የሰው ፊት ከቁጣ ወደ ሳቅ ሲዞር ማየት… ለዚህ እኮ ነው የምኖረው።

ከሰዓት ፈትያ መጣች፣ የእህቴ የዙቤይዳ ልጅ። እዚሁ ጅማ ኬሚስትሪ ለማስተርስ ትማራለች። ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው የተጣራ ውሃ ለሁሉም ተማሪ ስለማይዳረስ ከእኔ ትወስዳለች፣ ለባትሪ ብዬ አፍልቼ ከእንፋሎቱ የማወጣውን። ለሷ ሁለት ጊዜ ነው የማፈላው። በመስታወት ቱቦ፣ ራሷ ባመጣችው። የኔን የመዳብ ቱቦ ናቀችው። "መዳብ ይለቃል አጎቴ።"

እስክሪብቶ የሚያህል መለኪያ አላት። ውሃው ውስጥ ነከር ስታደርገው ቁጥር ያወጣል። የሟሟ ጨው በበዛ መጠን ቁጥሩ ይጨምራል። ዛሬ ሁለት አለ።

"ሁለት! ዋላሂ ከሚገዛው ይሻላል።"

"ከመቶ ሁለት? ወደቅኩ በይኛ።"

"ትንሽ ሲሆን ነው ጥሩ!"

"እንግዲያው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በጣም ጎበዝ ነበርኩ።"

ሳቀች። ከሰባተኛ ወዲያ አልተማርኩም። የማውቀውን ያወቅኩት ከተበላሸ ዕቃና በየመንገዱ ከገዛሁት አሮጌ መጽሐፍ ነው። ውሃዬ ግን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እኔ ያልደረስኩበት።

ጥቅምት 9

ዛሬ ያዝኳት። "ቆይ፣ ያን ሁሉ ውሃ ምን ታደርጊበታለሽ?" ባዶ ባትሪ ገልብጣ ተቀመጠችና አስረዳችኝ።

ከወተት የወጣ ፕሮቲን ውሃ ውስጥ ታሟሟለች። ከዚያ ጨው ጠብ፣ ጠብ። መቼ እንደሚደፈርስ ትጽፋለች። የሚገርመው፣ የምታጠናው ፕሮቲኑንም ጨዉንም አይደለም። በመሃላቸው ያለውን ውሃ ነው።

የውሃ ሞለኪውል አንዱ ጎኑ ትንሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጎኑ ትንሽ ኔጋቲቭ ነው ስትለኝ ዘልዬ ተነሳሁ።

"ባትሪ ነዋ!"

"እ?"

"ሠላሳ ዓመት ባትሪ ውስጥ ውሃ ስጨምር፣ ለካ ባትሪ ውስጥ ባትሪ እየጨመርኩ ነው!"

"አጎቴ፣ ይቺን ለአማካሪዬ ነው የምነግረው።"

ጨው ሲሟሟ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ይለያያሉ። አዮን ይባላሉ። ውሃዎቹ ይከቧቸዋል፣ ለፖዘቲቩ በኔጋቲቭ ጎናቸው፣ ለኔጋቲቩ በፖዘቲቭ ጎናቸው ዞረው። በገበያ ቀን መሬት ላይ ርካሽ ጫማ የዘረገፈ ነጋዴ እንደሚከበበው ነው። ነጋዴው እግር ሥር የደረሰ ሰው ቶሎ አይነቃነቅም፣ ከኋላ ያለው ግን ይሯሯጣል። ፕሮቲን ዙሪያም እንዲሁ፣ የቅርቡ ውሃ ዘገምተኛ ነው፣ የሩቁ ፈጣን። ግን ፕሮቲን ትልቅ ነው። ውሃ የሚወድ በኩል አለው፣ እንደ ዘይት ውሃ የማይወድም በኩል አለው። በማይወደው በኩል ውሃዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚያልፉት።

"ባኮረፈ ዘመድ በር ላይ እንደሚያልፍ ሰው" አልኳት።

"ልክ እንደዛ!"

ያ የቅርቡ ውሃ ልብሳቸው ነው አለች። ልብሱ ሲነሳ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ብርጭቆው ይደፈርሳል።

ቁም ነገሩ በዛብኝ። "ያም ሆነ ይህ ውሃ ውሃ ነው" አልኳት።

"አይደለም!"

"ውሃ ውሃ ነው ፕሮፌሰር።"

"በአላህ አጎቴ! አንዲት ጠብታ ቆሻሻ ብትገባበት ወዲያው ነው የማውቀው።"

ወዲያው?

ጥቅምት 14

መብራት የለም። አሥር ባትሪና አንድ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ባዶ።

ጥቅምት 20

ፈትያ ሁለት ጄሪካን ወሰደች። መለኪያው ከቦርሳዋ አልወጣም።

"ዛሬ ፈተና የለም እንዴ?"

"ያንተን ውሃ? ስንቴ ለካሁት፣ ሁሌ ሁለት። ከዚህ በኋላ መለካት ስድብ ነው።"

ደስ አለኝ። ብቻዬን ፈገግ ስል ባለቤቴ አይሻ "ደግሞ ማንን አታለልክ?" አለችኝ። ማንንም።

ቆይ ግን… ሳትለካ እንዴት አድርጋ ነው ወዲያው የምታውቀው?

ጥቅምት 23

ሦስት ጄሪካን አዘጋጅ ብላኝ ነበር። ሁለቱን በተጣራው ውሃ በወጉ ሞላሁ። ሦስተኛውን ከጓሮ ጉድጓድ። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ እንደ ኖራ ነጭ ነገር የሚጋግረው ውሃ። ሲታይ ግን ጥርት ያለ ነው፣ አላህ ሲፈጥረው ያማረ። እንዳይምታታብኝ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ነገ ስትመጣ አሸክማታለሁ። ደጃፍ ስትደርስ "ፕሮፌሰር፣ ወዲያው አወቅሽ?" እላታለሁ። ፊቷ ይታየኛል። መጀመሪያ ቁጣው…

አሁን ከሊሙ ገነት ተደወለ። የቡና ማጠቢያው ጀነሬተር ባትሪ አልነሳ ብሏል። እሸቱ እየተቆለለ ነው፣ ካደረ ይበላሻል። ሙርሺድ እስከ መናኸሪያ ያደርሰኛል። መሄድ አለብኝ።

ጥቅምት 26፣ ሊሙ ገነት

ጀነሬተሩን የመጀመሪያው ቀን አስነሳሁት። ከዚያ የመኪናዎቹ ባትሪዎች ተራ ገቡ። አስተዳዳሪው አልለቅህም አለ። "ማሎ፣ እባክህ፣ አንዲት ቀን ብቻ!" ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ጠዋት እጄን ስታጠብ ትዝ አለኝ። ጄሪካኑ! ኔትወርክ ወዳለበት ዳገት ወጣሁ። አይሻ ጋ ደወልኩ። "ፈትያ መጣች እንዴ?" "ሰኞ መጥታ ሦስቱንም ሰጠኋት። ምነው?" "ምንም።"

የፈትያን ቁጥር አወጣሁ። ጣቴ እላዩ ላይ ነበር። ከዚያ… በስልክ? ፊቷን ሳላይ? ቀልዱ ባከነ ማለት ነው። ለነገሩ ትለካዋለች። ባትለካም ሦስት ቀን ምን ያመጣል? ሳገኛት እነግራታለሁ አልኩና ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

ጥቅምት 29

ጅማ ገባሁ። ወገቤ። ፈትያ ፈተና ላይ ነች አሉ፣ ስልኳ ዝግ ነው። አልደወለችብኝም፣ አልተቆጣችም። አላወቀችም እንዴ? ወይስ አውቃ ልትበቀለኝ ነው? እንደዛ ከሆነ የኔ ዘመድ ናት።

ኅዳር 4

ከመንገዱ ማዶ እየጮኸች መጣች። "አጎቴ! አጎቴ!" በቀሏ መጣ ብዬ ሳቄን አዘጋጀሁ። አቀፈችኝ። አሲድ የነካው ቱታዬን ሳትጸየፍ።

"አገኘሁ!"

"ምን?"

"ማንም ያልጻፈው ነገር! ገና በትንሿ ጨው ደፈረሰ። መደፈረስ የሌለበት ቦታ ላይ! አራቴ ሠራሁት፣ አራቴም ያው። ፕሮቲኑ ዙሪያ ያለው ውሃ እኛ የማናውቀውን ነገር እያደረገ ነው። ዶክተር ፍሬአብ ራሱ ተነስቶ ቆመ!"

ዶክተር ፍሬአብ አማካሪዋ ነው። የሚቆም ሰው አይደለም ትላለች።

"አራቱንም… በየትኛው ውሃ?" አልኩ።

"ባንተ ነዋ! በየትኛው ይሆናል?"

ያኔ ነበር መናገር። አፌ ተከፍቶ ነበር እኮ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ "ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት፣ አለቀሰች" አለችኝ።

"ማሻአላህ" አልኩ።

ኅዳር 5

ነገ እነግራታለሁ።

ኅዳር 11

አልነገርኳትም።

ባዶ ጄሪካኖቹን መለሰች። ቀይ ክር ያለበት ሥሩ ላይ አራት ጣት የሚሆን ውሃ ቀርቶታል። ልደፋው አነሳሁት። አልደፋሁትም። የሞቱት ባትሪዎች ኋላ፣ ጠረጴዛው ሥር ሸሸግኩት። ለምን? እንጃ።

አሮጌውን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አወጣሁ። ማንቆርቆሪያ የሚያነጣው ካልሲየም ነው ይላል። ሲሟሟ ሁለት ፖዘቲቭ የተሸከመ አዮን ነው። የከበበውን ውሃ ከጨው አዮን ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ፕሮቲን ጋ ሲደርስ ግን ከውሃው ጥቂቱን ይለቅና በአንድ እጁ አንዱን፣ በሌላው እጁ ሌላውን ፕሮቲን ይይዛል። ያጣብቃቸዋል። ብርጭቆው ይደፈርሳል።

ግኝቷ ይሄ ነው። የጓሮዬ ጉድጓድ።

የሷ አማካሪ ያላወቀውን እኔ አወቅኩ። በሌላ ቀን ቢሆን ለሄርማታ ሁሉ እለፈልፍ ነበር።

ኅዳር 19፣ ሰኮሩ

ዙቤይዳ በግ አረደች። ከጁምዓ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፣ ዱዓ ተደረገ። ፈትያ ጥር ላይ አዲስ አበባ ሳይንቲስቶች ፊት ትናገራለች። ዶክተሩ ስሟን አስመዝግቧል።

ዙቤይዳ ሰዉ ፊት አስነሳችኝ። "ይሄ ወንድሜ ባይኖር፣ ውሃውን ማን ይሰጣት ነበር?"

ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አንዱ ሽማግሌ "ሙኒር፣ ዛሬ ቀልድ የለም እንዴ?" አለኝ። ቀልድ ፈለግኩ። የለም። አጎንብሼ ሥጋዬን በላሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ትከሻዬ ላይ ተኛች። ከሰኮሩ ጅማ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ስንት ጊዜ "ፈትያ" ብዬ ጀመርኩ። በሆዴ።

ሰበቦቼን ልጻፋቸው። አንደኛ፣ ልጅቷ ደስ ብሏታል። ሁለተኛ፣ ምናልባት ውሃው ላይሆን ይችላል። ሦስተኛ… ሦስተኛ የለም። ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳበሽቅ ኖሬ፣ ከቁጣው ኋላ ሳቅ የማይመጣበት ፊት ሊገጥመኝ ነው።

ኅዳር 27

አይሻ ፊት ነው ያለቀሰችው። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

ዶክተር ፍሬአብ አዲስ አበባ ከመሄዷ በፊት እሱ ፊት እንድትደግመው አዘዛት። ደገመች፣ በኋላ በሰጠኋት ንጹህ ውሃ። አልደፈረሰም። እንደገና… አልደፈረሰም። ሰባት ጊዜ። ጥርት ያለ ብርጭቆ ሰባት ጊዜ።

"'ቁጥሮቹን ከየት አመጣሻቸው?' አለኝ። ፈጥራ ጻፈች ብሎ ነው እኮ የሚያስበው! ማክሰኞ ደብተሬን ይዤ እቀርባለሁ። ማስረዳት ካልቻልኩ ያባርሩኛል።"

አይሻ "ዕቃው ይሆናል፣ መድኃኒቱ ይሆናል" እያለች አጽናናቻት።

"ሁሉንም ቀየርኩ አክስቴ። ፕሮቲኑን፣ ጨዉን፣ ብርጭቆውን። ማሽኑንም ጠረጠርኩ። ራሴንም ጠረጠርኩ፣ አበድኩ እንዴ አልኩ።"

"ውሃውስ?" አለች አይሻ።

"ውሃው የአጎቴ ነው።"

እንዲህ ነው ያለችው። ቃል በቃል። በሩን ለቅቄ ወጣሁ።

ኅዳር 30

ሄድኩ።

ጄሪካኑን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁት። አቧራውን ጠረግኩ። ቀዩን ክር አልፈታሁም። ሙርሺድ በባጃጁ ዩኒቨርሲቲው ድረስ አደረሰኝ። "ምን ዓይነት ቀብር ነው ዛሬ?" አለኝ። ፊቴን አይቶ ደግሞ አልጠየቀኝም።

ዶክተር ፍሬአብ የጠበቅኩት ዓይነት ሰው አይደለም። ወጣት ነው፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ። ፈትያ ጥግ ላይ ደብተሯን አቅፋ ተቀምጣለች። ስታየኝ ደነገጠች። "አጎቴ? እማዬ ምን ሆነች?"

"እናትሽ ደህና ናት።"

"ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለ ዶክተሩ።

አልተቀመጥኩም። ጄሪካኑን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። "ልጅቷ አልዋሸችም። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የጉድጓድ ውሃ ነው። ለቀልድ ብዬ።"

ዶክተሩ መለኪያውን አንስቶ ነከር አደረገ። ቁጥሩ እየሮጠ ወጣ። ሰባት መቶ አርባ። ሁለት መሆን የነበረበት።

ከዚያ ራሱ ሠራው። ፕሮቲኑን በዚያ ውሃ አሟሟ፣ ጨው ጠብ አደረገ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳ። እሩዝ የታጠበበት ውሃ መሰለ።

"ቁጥሮችሽ ትክክል ናቸው" አላት። "ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብተርሽንም ወደ ቦርሳሽ መልሺው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ካልሲየም?" አለኝ።

"ካልሲየም" አልኩ።

"ከየት አወቁ?"

"ከመጽሐፍ።"

"መቼ?" አለች ፈትያ። የመጀመሪያ ቃሏ ነው። "ውሃው እንደሆነ መቼ አወቅህ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። "እየጮህሽ የመጣሽ ቀን ጠረጠርኩ" አልኳት።

በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። "ሃያ ስድስት ቀን።"

"ፈትዬ…"

"ቀልዱን እኮ እስቅልህ ነበር። ያኔውኑ ብትነግረኝ ሁለት ቀን አኩርፌህ እስቅ ነበር። ሃያ ስድስት ቀን! ሰኮሩ በጉን በላህ። ትከሻህ ላይ ተኛሁ።"

ጄሪካኑን ላነሳ ስል "ተወው፣ ማስረጃዬ ነው" አለችኝ።

ታኅሣሥ 8

አልመጣችም።

አዲስ አበባ የምትናገረው ቀርቷል። ሦስት ሳምንት የሠራችው ከንቱ ነው፣ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ትምህርቷ ከተባለው ጊዜ ግማሽ ዓመት ያልፋል። ለዙቤይዳ ራሴ ደውዬ ነገርኳት። እሷ ስትጮህ ስልኩን ከጆሮዬ አላራቅኩም። በመጨረሻ "ሰዉ ፊት አስነስቼህ!" አለችና ዘጋችው።

ታኅሣሥ 21

ሙርሺድ ባትሪ አመጣ። ካርቶንና እስክሪብቶ ራሱ አቀበለኝ። "በል ጻፍ እንጂ፣ ጃናዛው ስንት ሰዓት ይቀበራል?" ጻፍኩለት። ሳቀ። እኔ ግን ሳቁን አልጠበቅኩትም፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ድሮ ለዚህ ሳቅ ብዬ ነበር የምኖረው አልኩ አይደል?

ጥር 10

ዛሬ አዲስ አበባ ሆና የምትናገርበት ቀን ነበር። አይሻም እኔም አላነሳነውም። ምሳ ላይ ሬዲዮው ብቻ አወራ።

ጥር 24

ጉድጓዱን ከደንኩት። አይሻ ተቆጣች። "ጉድጓዱ ምን አደረገህ? ልብስ በምን ልጠብ?" እውነቷን ነው። መልሼ ከፈትኩት።

የካቲት 3

አይሻ መስጊድ በር ላይ አገኘቻት። ከስታለች አለችኝ። ሥራዋን ደግማ እየጨረሰች ነው፣ ውሃ ከሌላ ቦታ ታመጣለች፣ ይለካል፣ ዘጠኝ ይላል፣ አሥር ይላል። "የአጎቴ ሁለት ነበር" ብላለች። ሌላ ነገር አለች? አላለችም። በደንብ አስታውሺ። አላለችም አልኩህ!

ከሰዓት የመስታወት ቱቦውን አጠብኩ። አራት ጊዜ።

የካቲት 6

ረመዳን ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶታል። ገበያው ተምር በተምር። ስድስት ባትሪ ቻርጅ ላይ።

መጣች። ሱቁ በር ላይ ቆማ "አሰላሙ አለይኩም" አለች። መለስኩ። ባትሪውን ገልብጣ አልተቀመጠችም።

"አጎቴ፣ ውሃ ይኖራል?"

"ሦስት አለ። ተዘጋጅቷል።"

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው ማዘጋጀት የጀመርኩት። መለኪያ ገዝቻለሁ፣ እንደሷው ያለ። በየሳምንቱ ደፍቼ እንደገና አፈላለሁ። በእያንዳንዱ ጄሪካን ላይ ቀኑንና ቁጥሩን በቀለም ጽፌአለሁ። ሁለት። ሁለት። ሁለት። ስታነበው አየኋት። ጽሑፌን ታውቀዋለች፣ በልጅነቷ ስሟን መጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

"መለኪያ ገዛህ?"

"ገዛሁ።"

"ጥሩ ነው። በየጊዜው አስተካክለው፣ ይዛነፋል።"

"ቶሌ፣ አስተካክላለሁ።"

አንድ ቀልድ ምላሴ ላይ መጣ። ጥሩ ቀልድ ነበር። ዋጥኩት።

ቦርሳዋን ከፈተች። የራሷን መለኪያ አወጣች። የመጀመሪያውን ጄሪካን ክዳን ፈታ ነከር አደረገች። ጠበቀች። ሁለት። አጠበችው፣ በጨርቅ አደረቀችው። አሁን ትከተዋለች ብዬ ቦርሳዋን አየሁ። የሁለተኛውን ክዳን ፈታች።

ልክ ነች። እኔም ብሆን እለካለሁ።

ሁለት።

የካቲት 3 ቀን ያፈላሁት ነው እያልኩ ልነግራት ነበር፣ መዳብ አልነካውም፣ ቱቦውን አራት ጊዜ አጥቤዋለሁ… ወደ ሦስተኛው ዞረች። እሱ ላይ ትንሽ ቆየች። እጀታውን አየችው። ክር የለበትም።

ሦስተኛውንም ለካች።